ቲም ገብተናል

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ሐበሻ ወይ ዕቁብ አለው፣ ወይ ሱቅ አለው፣ ወይ ጂምናስቲክ የሚማር ልጅ አለው። ለእኛ ቤት የደረሰው ሦስተኛው ነው።

ሲጀመር ቀላል ነበር። የልጅ ልጄ ቅዳሜ ጠዋት ለአንድ ሰዓት ፍራሽ ላይ ተንከባላ ትመለስ ነበር። «ሪክሪዬሽናል» ይሉታል። ያኔም ዝም አላልኩም። መንከባለል በገንዘብ የሚገዛበት አገር ምን ይባላል? እኛ ቡልጋ ሜዳ ላይ ስንገለባበጥ የከፈልነው ቢኖር ለተቀደደው ሱሪ የቀመስነው አለንጋ ነው። ሰዓቱ ሲያልቅ ደግሞ የሁሉም ልጅ እጅ ላይ ማኅተም ይመታል፤ የተገለበጠውም፣ አልገለበጥም ብሎ ያለቀሰውም እኩል። «አሸናፊው ታዲያ ማን ነው?» ብዬ ብጠይቅ ልጄ «አባዬ፣ ጨዋታ እኮ ነው!» አለችኝ። ልብ በሉ፣ ይህን ያለችው እሷ ናት።

አንድ ቀን አሠልጣኟ ልጄን ወደ ጎን ጠርታ «ልጅቷ ተሰጥኦ አላት፣ ቲም ትግባ» አለቻት። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ቤት መሆኑ ቀረ። በሳምንት ሦስት ቀን፣ በቀን ሦስት ሰዓት። እራት መኪና ውስጥ፣ የቤት ሥራ መኪና ውስጥ። የእኔ የሐኪም ቀጠሮ እንኳ የሚያዘው የጂሙ ሰሌዳ ታይቶ ነው። ልጄ በስልክ «ሌቭል ሦስት ገብተናል!» ስትል ሰማኋት። እኔ በበኩሌ በዚህ ጉልበቴ የገባሁበት ሌቭል የለም። አማቼ ደግሞ ከአሁኑ የዩኒቨርሲቲ ስኮላርሺፕ ያሰላል፤ ላም አለኝ በሰማይ። ለውድድር ብላ የምትለብሳት ብልጭልጭ ቁራጭ ጨርቅ ከመቶ ዶላር በላይ ናት። እጅጌ እንጂ ታፋ የላትም።

ሌቭሉ እስከ 10 ነው። እስከ 5 ድረስ አገር ምድሩ ልጅ የሚሠራው አንድ ዓይነት እንቅስቃሴ ነው፣ በአንድ ዓይነት ሙዚቃ። ይህን የተረዳሁት ውድድሩ አዳራሽ ተቀምጬ ነው። ሙዚቃዋ አለቀች ብዬ ስተነፍስ ሌላ ልጅ ትወጣለች፣ ያችው ሙዚቃ ትጀምራለች። በማግስቱ ቅዳሴ ላይ መጣችብኝ። የእኛዋ በአራቱም መሣሪያ የሠራችው ቢደመር አምስት ደቂቃ አይሞላም፣ እኛ የተቀመጥነው ግማሽ ቀን። ለዚያውም በር ላይ ከፍለን! የገዛ ልጅ ልጄን ለማየት ትኬት ቆረጥኩ።

ዳኞቹንስ ምን ልበላቸው? ስፋቱ 10 ሳንቲ ሜትር በሆነ፣ ከመሬት 1 ሜትር ከ25 ከፍ ባለ፣ ቢም በሚሉት አግዳሚ ላይ ልጅ ቆማ መሄዷ ብቻ እልል የሚያሰኝ ነው። እነሱ ግን የእግሯ ጣት አልተወጠረም ብለው ይቀንሳሉ፣ ጉልበቷ ታጠፈ ብለው ይቀንሳሉ። በእኛ ዘንድ ልጅ ስትወድቅ «እኔን!» ይባላል። እዚህ «ግማሽ ነጥብ» ነው።

እ.ኤ.አ. በ1976 በአፍሪካውያን አድማ ምክንያት የእኛ ምሩጽ ሳይሮጥ በቀረበት የሞንትሪያል ኦሊምፒክ፣ የ14 ዓመቷ ሩማኒያዊት ናዲያ ኮማኔቺ 10 ከ10 አገኘች። ሰሌዳው እንዲህ ያለ ነጥብ ይመጣል ተብሎ ስላልተሠራ 1.00 ብሎ አሳየ። ዓለም አጨበጨበ። እኔ ግን ያኔውኑ «ይህች ልጅ መቼ ትጫወታለች?» ብያለሁ። ባለቤቴ «ያኔ እኮ ቴሌቪዥን አልነበረንም» ትላለች። ለማንኛውም ከ1997 ጀምሮ በዓመቱ 16 የማይሞላት ልጅ ኦሊምፒክ አትገባም ተብሏል። ሰምተውኛል ማለት ነው።

ልጄ በዶሚኒክ ዶውስ ትከራከረኛለች። ዶውስ እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ ተወልዳ በ1996 አትላንታ ላይ ከአሜሪካ የጂምናስቲክ ቡድን ጋር ወርቅ ወስዳለች። እኔ ያንን ኦሊምፒክ የማውቀው በፋጡማ ሮባ ማራቶን ነው። የፋጡማን የእግር ጣት ያየ ዳኛ የለም፤ ቀድማ ገባች፣ አለቀ። ደግሞም ዶውስ ራሷ ሜሪላንድ ውስጥ ጂም ስትከፍት፣ እሷ ያደገችበት ዓይነት ጭካኔ ለልጆች እንዳይደገም እንደምትፈልግ በአደባባይ ተናግራለች። ይህን ለልጄ ብነግራት የመለሰችልኝ «ጉግል ማድረግ ማን አስተማረዎት?» የሚል ነው።

ባለቤቴማ ከድታኛለች። በውድድር ቀን ፀጉር ጥብቅ ብሎ መያዝ አለበት ሲባል የልጅ ልጃችንን ሹሩባ ሠራቻት። የቡድኑ እናቶች አይተው ተሰለፉ። አሁን ውድድር ባለ ቁጥር ገና ሳይነጋ የፈረንጅ ልጆችን ራስ ጭኗ ላይ እያደረገች ትጎነጉናለች፤ የእኔ ቡና ይጠብቃል። ስለ ቢምም ታስረዳኛለች።

ልጅቷ ራሷስ? ለእሷ ጨዋታው አላለቀም፤ ዳኛ ሆናለች። ትናንት ከሶፋው ላይ እያቃሰትኩ ስነሣ ከማዶ ሆና አየችኝና «አባባ፣ ጉልበትህ ታጥፏል፤ ሦስት አሥረኛ ቀንሻለሁ» አለችኝ። ይግባኝ ብዬ ወደ እናቷ ዞርኩ። እናቷ እግሬን አየት አድርጋ «ጣቶቹም አልተወጠሩም» አለች።