አምስት ተኩል በማን ሰዓት?

የመርከብ ሽርሽር ትኬት በርካሽ ያገኘ ሰው ከመክፈሉ በፊት አንድ ነገር ይጠይቅ፦ ቀኑ በእኛ ስንት ላይ ይውላል? እኔ አልጠየቅሁም። ከባርሴሎና ተነስቶ ማርሴይን፣ ቺቪታቬኪያን፣ ኔፕልስን አዳርሶ ባርሴሎና የሚመለስ የሰባት ሌሊት ክሩዝ ነው። ዋጋው የወረደው ካቢኑ መስኮት ስለሌለው መሆኑን ኋላ ነው ያየሁት። ቨርጂኒያ ሳሎኔ ውስጥ ቁጭ ብዬ ከፈልሁና ለአክስቴ የምሥራቹን ነገርኳቸው። እሳቸው መነጽራቸውን አድርገው ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው የቤተ ክርስቲያን ካሌንደር ሄዱ።

"ፍልሰታን ነው የገዛኸው?" አሉኝ።

አዎ፣ ፍልሰታን ነው የገዛሁት። ከጠዋት እስከ እኩለ ሌሊት ምግብ የማይነሳበት መርከብ ላይ የሚጾሙ ሴትዮ ይዤ ልሳፈር ነው።

በቅድሚያ ስለ ሆቴል። በአውሮፕላን ደርሶ በዚያው ቀን መርከብ መሳፈር ቁማር ነው፤ አውሮፕላን ይዘገያል፣ መርከብ አይጠብቅም። ስለዚህ አንድ ቀን ቀድሞ ገብቶ ማደር ነው። ይህን አንብቤ አውቃለሁ። ያላነበብሁት "ደብል" የሚባለው ክፍል አንድ ሰፊ አልጋ፣ "ትዊን" የሚባለው ደግሞ ሁለት አልጋ መሆኑን ነው። ባርሴሎና የክፍላችንን በር ስከፍት መሀል ላይ አንድ አልጋ ተዘርግቷል፤ አልጋው ላይ ከፎጣ የተሠሩ ሁለት ዳክዬዎች አፍ ለአፍ ገጥመው ይሳሳማሉ። አክስቴ ዳክዬዎቹን አዩ፣ እኔን አዩ።

"ምን ብለህ ነው የጻፍክላቸው?"

ሌላ ክፍል የለም ተባልሁ። ገላ መታጠቢያው ገንዳ ውስጥ ትራስ አንጥፌ አደርሁ። ሆቴሉ "ወደቡ አጠገብ" የሚል ነበር። እውነትም መርከቦቹ ከመስኮቱ ይታያሉ፤ በመሀል ግን ባሕር አለ። የባርሴሎና ትልልቅ የክሩዝ ተርሚናሎች ከድልድይ ማዶ ናቸው፤ ሻንጣ እየጎተቱ የሚደረስባቸው አይደሉም። ከኮሎምበስ ሐውልት አካባቢ ወደዚያ የሚያመላልስ አውቶቡስ አለ። እኔ ይህን ያወቅሁት የታክሲ ሒሳብ ከከፈልሁ በኋላ፣ አንገቴን ማዞር እንዳቃተኝ ነው።

ወደቡ ላይ ፍተሻ አለ፣ ልክ እንደ አውሮፕላን ማረፊያ። የእኔ ሻንጣ አለፈ። የአክስቴ ሻንጣ ግን ማሽኑ ውስጥ ገብቶ ቀረ። ወጣቱ ፈታሽ ከፍቶ አንድ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ደረደረው፦ ጀበና፣ በፎጣ የተጠቀለሉ ስድስት ሲኒዎች፣ ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ አንድ ፓኬት ከሰል፣ በላስቲክ የተቋጠረ ዕጣን። መርከብ ላይ የሚፈራው ማዕበል ሳይሆን እሳት ነው፤ ስለዚህ የሚሞቅና የሚጨስ ነገር ሁሉ ክልክል ነው፣ የልብስ ካውያ ሳይቀር። ልጁ ዕጣኑን አንስቶ አሸተተ። አይኑን ጨፍኖ ደግሞ አሸተተ።

"ዕጣን መርከብ ያሰምጣል እንዴ?" አሉ አክስቴ፣ በአማርኛ።

ልጁ በእንግሊዝኛ ይቅርታ ጠይቆ ምድጃውን፣ ከሰሉንና ዕጣኑን ከረጢት ውስጥ ከተተና የካቢናችንን ቁጥር ጻፈበት። የመጨረሻው ቀን ይመለሳል አለ። ጀበናው አለፈ፤ ሰባት ቀን ሙሉ መስታወት ሥር ሥራ ፈቶ ተቀመጠ።

ወደ ምግቡ ልምጣ፤ ሰው ክሩዝ የሚሄደው ለባሕሩ ነው የሚል ካለ ቡፌውን አላየም። የመጀመሪያው ቀን ሁሉም ተሳፋሪ ሻንጣውን እንዳስረከበ ሽቅብ ወደ ቡፌው ይሮጣል፤ ትሪ ይዞ ወንበር የሚፈልገው ሰው ብዛት ሠርግ ቤት ያስመስለዋል። በዚያው ሰዓት ታች ያለው ዋናው ምግብ ቤት ብዙ ጊዜ ክፍት ነው፤ ነጭ ጨርቅ ለብሶ ባዶውን ይውላል። ይህን ያገኙት አክስቴ ናቸው፤ የሚጸልዩበት ጸጥ ያለ ቦታ ሲፈልጉ። አንድ ነገር ግን ቡፌው ላይ ወደዱ። በሩ ላይ አንድ ሠራተኛ ቆሞ እጁን ያልታጠበ አያሳልፍም። "ይሄ ደንብ ያውቃል" አሉ፤ "ማስታጠቢያውና ፎጣው ነው የቀረው።"

ጾመኛ ወይም የማይስማማው ምግብ ያለው ሰው የመጀመሪያው ማታ ለምግብ ቤቱ ኃላፊ ይናገር። የነገውን ምግብ ዛሬ ማታ ያሳዩሃል፤ አንተም ትመርጣለህ። እኛ "ቪጋን" አልን፤ ሁለት ቀን ሙሉ ሰላጣ መጣ። አክስቴ ቅጠሉን በሹካ እያገላበጡ "ይሄ ለጥንቸል ነው" አሉ። በሦስተኛው ቀን ኢንዶኔዥያዊው አስተናጋጃችን ጎንበስ ብሎ፣ ወጥ ቤት ውስጥ ሕንዶች አሉ፣ ዝርዝሩ ላይ ባይኖርም የነሱን ምግብ ላስመጣላችሁ? አለን። ምክር ከተባለ ይህ ነው ምክር። ብቻ ሕንዶች ሥጋ የለውም ሲሉ ቅቤና እርጎውን አይቆጥሩትም፤ እኔ አስተርጓሚ ሆኜ "ቅቤ የለበትም? ወተትስ? እርጎስ?" እያልሁ በአክስቴ ትእዛዝ አስተናጋጁን መረመርሁት። የመጣው ምስር ነበር። ቀመሱ፤ ዝም አሉ። ከዚያ የእጅ ቦርሳቸውን ከፍተው ፈታሹ ያላየውን የበርበሬ ቋጠሮ አወጡና "ለባለሙያው ስጥልኝ" አሉ። በማግስቱ ምስሩ ቀልቶ መጣ። ከጎናችን የተቀመጡት ባልና ሚስት ያው ይምጣልን ብለው ነበር፤ ባልየው እስከ መጨረሻው ቀን ሰላም አላለንም።

እኔስ? እኔ ዓሣ ይበላል ከሚሉት ወገን ነኝ አልሁ። ይህን ሃይማኖታዊ አቋም የያዝሁት ሳልመኑን ካየሁ በኋላ ነው። አክስቴ አልተከራከሩኝም፤ ቀና ብለው እኔን አዩና ወደ ምስራቸው ተመለሱ።

ሒሳብ በአጭሩ፦ መርከብ ላይ ገንዘብ አታወጣም፤ የካቢንህን ቁልፍ ካርድ ታሳያለህ፣ ለስላሳው ሁሉ ከጀርባህ ይጻፋል። ለአስተናጋጆቹም ጉርሻ በየቀኑ በራሱ ይቆረጣል። እኔ ግን ይህን ሳላውቅ አራት ቀን ሙሉ በእጄ ስሰጥ ነበር። ለዚያ ነው መሰለኝ የሁሉም ፈገግታ የሞቀው።

አሁን ሮም። መርከቡ "ሮም" ይላል እንጂ ሮም ባሕር የላትም፤ የሚቆመው ቺቪታቬኪያ ነው፣ ከከተማው ሰባ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ርቆ። የመርከቡን ጉብኝት ከገዛህ በአውቶቡስ ይወስዱሃል፤ አውቶቡሱ ቢዘገይ መርከቡ ይጠብቀዋል። በራስህ ከሄድህ ማንም አይጠብቅህም። የልዩነቱ ዋጋ ይህ ነው። እኔ ዋጋውን አይቼ ባቡር መረጥሁ። ያውም ነሐሴ 9 ቀን፣ በእነሱ ኦገስት 15፣ "ፌራጎስቶ" የሚሉት በዓላቸው ነው። ካቶሊኮቹ የእመቤታችንን ዕርገት የሚያከብሩት በዚያ ቀን ነው፤ እነሱ ሲበሉ እኛ ገና ጾሙን ማጋመሳችን ነበር። ሱቁ ዝግ፣ ባቡሩም እንደ አዘቦቱ አይመላለስም።

"እትዬ፣ አምስት ተኩል ላይ መርከቡ ውስጥ መገኘት አለብን" አልኋቸው ስንወርድ።

ተርሚኒ ጣቢያ ደርሰን ስንወጣ ያለው አደባባይ ፒያሳ ዴይ ቺንኩዌቼንቶ ይባላል፤ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ማለት ነው። "አምስት መቶዎቹ እነማን ናቸው?" አሉ አክስቴ። በ1887 እ.ኤ.አ. ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ የደመሰሷቸው የጣልያን ወታደሮች ናቸው አልሁ። ነጠላቸውን አስተካከሉ። "ነፍስ ይማር" አሉ። ሁለት ሦስት እርምጃ ሄደው ዘወር አሉ፦ "ደግሞስ ማን ጠራቸው!"

አንድ ቡና ቤት ክፍት አገኘን። እኔ ማኪያቶ አዘዝሁ፤ አዲስ አበባ በብርጭቆ ሲጠጣ ያደገ ሰው የጠበቀውን ጠበቅሁ። የመጣው የጣት ጫፍ የምታህል ሲኒ ነች፤ ጥቁር ቡና፣ ላዩ ላይ አንዲት የወተት ነቁጥ። ስሙንም እኮ የወሰድነው ከነሱ ነው፤ "ማኪያቶ" ማለት "የተነካካ" ነው። ወተቱን የጨመርነው እኛ ነን። አክስቴ ወንበር ስበው ተቀምጠው ስለነበር ሒሳቡ ከፍ ብሎ መጣ፤ በቁም የጠጣና ተቀምጦ የጠጣ አንድ አይከፍልም። "ለወንበሩም ይከፈላል?" ብለው ከዚያ በኋላ ሮም ውስጥ የትም አልተቀመጡም።

ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ቦርሳቸውን አንስተው ቆሙ። "በል እንመለስ።"

"ገና መምጣታችን እኮ ነው።"

"አምስት ተኩል አላልክም?"

ሳቅሁባቸው። በፈረንጅ ነው፣ በእኛ አሥራ አንድ ተኩል ማለቴ ነው አልሁና ጎተትኋቸው። በተለይ አንድ ቦታ ሳላሳያቸው አልመለስም ብያለሁ፦ የአክሱም ሐውልት የቆመበት ፖርታ ካፔና። ሐውልቱ በ1937 እ.ኤ.አ. እዚያ ተተክሎ፣ በ2005 ወደ አገሩ ተመልሷል። ከጥቂት ጥበቃ በኋላ በሜትሮ ደረስን። መንገድ፣ ዛፍ፣ የትራፊክ መብራት።

"የቱ ነው?" አሉ።

"እዚህ ነበር።"

"ነበር?"

"አሁን አክሱም ነው ያለው።"

"እኔ አክሱም ሄጄ አይቼዋለሁ" አሉ አክስቴ፤ "አንተ ያመጣኸኝ አለመኖሩን ላይ ነው?"

አለመኖሩን ፎቶ አነሳሁት። በዚያ ፎቶ ምክንያት ባቡሩ አመለጠን፤ ቀጣዩ የመጣው ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው። ቺቪታቬኪያ ስንደርስ አምስት ተኩል ሊሞላ አራት ደቂቃ ቀርቶታል። ከጣቢያው ታክሲ፣ ከታክሲው ሩጫ። እኔ ጫማዬን በእጄ ይዤ፣ አክስቴ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አደግድገው ከፊቴ። ተሳፋሪው ሁሉ ላይኛው ሰገነት ላይ ተሰልፎ ነበር፤ የዘገየ ሲሮጥ ማየት ለካ የመርከቡ ዋና ትርዒት ነው። ሲያዩን አጨበጨቡ፣ አፏጩ። አክስቴ መወጣጫው ሥር ቆሙ፣ ዞሩ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉ። "እግዜር ይስጥልኝ፣ እንዴት ያሉ እንግዳ ተቀባዮች ናቸው!" ሰዓታቸውን አዩ። አስራ አንድ ከአርባ አንድ።

የመጨረሻው ሌሊት ሻንጣ ከካቢኑ በር ውጭ ይቀመጣል፤ ሠራተኞች ሌሊቱን ሰብስበው ወደብ ላይ ያወርዱታል። እኔ ቀልጠፍ ብዬ ሁሉን ነገር አሽጌ አወጣሁ። ጠዋት ስነሳ ሱሪዬም አብሮ ወርዷል። በቢጃማ ነው ባርሴሎና የወረድሁት።

ሻንጣዬን ስፈልግ አክስቴ ያንን ከረጢት ተረክበው ወንበር ላይ ፈተሹት። ምድጃው አለ። የዕጣኑን ቋጠሮ አንስተው በእጃቸው መዘኑት።

"ጎድሏል።"

"ኧረ እትዬ፣ ማን ይነካዋል?"

"ያ ያሸተተው ልጅ ነው" አሉ፣ ሳይቆጡ። ከዚያ ከሰሉን አወጡ፤ ፓኬቱ እንደታሸገ ነው፣ አልተነካም። ግራ ገባቸው።

"ታዲያ በምን ሊያጨሰው ነው?"