ባለጸጋው ይለፍ፣ ድሃው ይጥራ

በኮንትራክት ብሪጅ ሁለት አጋሮች በእጃቸው ስላለው ካርታ የሚነጋገሩት በጥሪና በሚጥሉት ካርታ ብቻ ነው። የጥሪው ትርጉም ግን ለተቃራኒዎቻቸውም ግልጽ መሆን አለበት፤ ምስጢር ክልክል ነው። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ደንብ አርቃቂዎች ሥራ በፈቱ ነበር።

በፖላንድ የተቀመመው «አስገዳጅ ፓስ» አላስተኛቸውም። በዚህ ስልት ጥሩ ካርታ የያዘ ዝም ብሎ ያልፋል፤ ባዶ እጁን የተቀመጠው ደግሞ በልበ ሙሉነት ይጠራል። ትርጉሙ ለጠየቀ ሁሉ ይነገራል፤ ችግሩ የተነገረው ተቃራኒ ምን እንደሚያደርግ አለማወቁ ነው። አለመዘጋጀት ደግሞ፣ የተከበሩ ሰዎችን ሲያገኛቸው፣ የደንብ ጉዳይ ይሆናል።

የዓለም ብሪጅ ፌዴሬሽን ስልቶችን በቀለም መደበ፦ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ቀይ፣ ቢጫ። አስገዳጅ ፓስ ቢጫ ነው፤ በጥቂት ታላላቅ ውድድሮች ብቻ ይፈቀዳል፤ የሚጠቀምበት ቡድንም የመቀመጫ ምርጫ መብቱን ያጣል። ለነጠላ እንግዳ ጥሪዎች ደግሞ ቡናማ መለያ ተበጀ። ብዙ ልብ ወይም ብዙ ስፔድ መያዝን እንጂ የትኛው እንደሆነ የማይናገረው ደካማው «ሁለት ዳይመንድ» ግን በልዩ ሁኔታ ከቡናማው ነፃ ወጣ። እንግዳነቱ ያው ነው፤ የለመደው ሰው በዝቷል እንጂ። በሰሜን አሜሪካ ይኸው ጥሪ በብዙ ውድድሮች የተከለከለ ነው።

ዘመናዊውን ብሪጅ በ1925 እ.ኤ.አ. የቀመረው ሃሮልድ ቫንደርቢልት ራሱ የክለብ ካርታ ባይኖረውም «አንድ ክለብ» እያለ ጠንካራ እጁን ያሳውቅ ነበር። ዛሬ ይህ ስልት ሰማያዊ ነው፣ የተፈቀደ።