ስሙ ከፈረሱ፣ ጅራፉ ለፈረሱ

«እንስሳ ደግሞ ምን ጀግና አለው?» አሉኝ አንድ ጋሼ። ጋሼ፣ ደጃዝማች ባልቻን «አባ ነፍሶ» ሲሉ በማን ስም የጠሯቸው መሰለዎ? በፈረሳቸው! ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ፣ ዳግማዊ ምኒልክ አባ ዳኘው፤ ሁሉም የፈረስ ስም ነው። ጀግናን በፈረሱ ስም መጥራት የአገሩ ወግ ነበር። አራዳ ላይ ያለውን ሐውልት ቀና ብለው ይዩት፤ ምኒልክ ብቻቸውን አልቆሙም።

የዚያ ፈረስ ዘር ዛሬ ጋሪ ይጎትታል፤ ጀርባው ተልጦ፣ ልጓሙ አፉን ሰንጥቆት። ባለጋሪው ወንድሜ «እሱ ካረፈ ልጆቼ ምን ይበላሉ?» ይለኛል። ጥያቄህ ልክ ነው፤ ከሞተስ ምን ይበላሉ? መታጠቂያው የላጠውን ቁስል ትንሽ ነው ብለህ አትለፈው። ዝንብ ከታመመ ፈረስ የፈንገስ በሽታ ይዞ የሚያርፈው እዚያው ላይ ነው። ከዚያ ቆዳው በየቦታው እያበጠ ይፈርጣል፣ መግል ያወጣል፣ ፈረሱ ከሥራ ይወጣል። ሕክምናው ረጅምና ውድ ነው፤ መከላከያው ግን ከቤትህ አይጠፋም። ከመታጠቂያው ሥር ንጹሕ ጨርቅ አድርግ፤ ቁስሉን በጨውና በንጹሕ ውሃ እጠብ፤ የታመመውን ፈረስ ዕቃ ለጤነኛው አታልብስ። በቀትር ፍታው፣ ጥላ ስጠው፣ ውሃ አጠጣው። ጅራፍ ጥማትን አያስታግስም።

ጀግናው ፈረስ ብቻ አይደለም። «አይጥም ይሸለማል አሉ!» ብሎ የሳቀ ጎረቤትም አለኝ። አዎ፣ ማጋዋ ተሸልሟል። ታንዛኒያ ውስጥ የሠለጠነ ትልቅ የአፍሪካ አይጥ ነበር፤ ካምቦዲያ ውስጥ ከ100 በላይ ፈንጂና ያልፈነዳ ተተኳሽ አሽትቶ አገኘ። በ2020 እ.ኤ.አ. ፒዲኤስኤ የተባለው የብሪታንያ የእንስሳት በጎ አድራጎት ድርጅት የወርቅ ሜዳልያ አጠለቀለት። ክብደቱ ቀላል ስለነበር ፈንጂውን ቢረግጠው አይፈነዳም። አንተ የረገጥከው ዕለት ግን ይፈነዳል፤ አይጡን አመስግን!

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ የውሻው ነገር ነው። «ለልጄ ያጣሁትን ብር ለውሻ ክትባት?» ትለኛለች አንዷ እናት። እህቴ፣ ለልጅሽ ነው የምልሽ! በዓለም ላይ በእብድ ውሻ በሽታ ከሚያዙት 100 ሰዎች 99ኙን የሚያስይዛቸው ውሻ ነው፤ ከሚነከሱትም መካከል ብዙ ልጆች አሉ። ምልክቱ አንዴ ከታየ ደግሞ የሚያድን መድኃኒት የለም። ልጁ ከተነከሰ «ውሻው ጤነኛ ነው» ብለሽ አትዘናጊ፤ መታመሙ ሳይታወቅ ከቀናት በፊት ቫይረሱ ምራቁ ውስጥ ሊኖር ይችላል። ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በወራጅ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቢ። በርበሬም ቅጠልም አታድርጊበት። በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ውሰጂው፤ ጸበሉ ከክትባቱ በኋላም ይደርሳል።

«ሥጋ ላይ መርዝ አድርጎ መጨረስ ነው!» የሚል ቆራጥም አይጠፋም። መርዝህ የተከተበውንም ያልተከተበውንም እኩል ይገድላል። ሰፈሩ ባዶ ሲሆን ከማዶ ያልተከተበው ይገባበታል፤ በሽታውን በገዛ እጅህ በር ከፈትክለት። መተላለፉን የሚቆርጠው ከ10 ውሾች ቢያንስ 7ቱን በየጊዜው መከተብ ነው።

«ባለቤት የላቸውም፤ ማን ይዞ ያስከትባቸዋል?» ሌሊት የሚጮኹት የማንን አጥር ሲጠብቁ ነው? ቀን ፍርፋሪ የምትጥልላቸው፣ ማታ በጩኸታቸው ተማምነህ የምትተኛው አንተ ነህ። ከታቢዎቹ ሰፈር ሲመጡ ይዘህ የምትወጣውም አንተ ነህ!