ያገለገለ ኮምፒውተር፣ ያላገለገለ ጠላቂ

የመጥለቂያ ኮምፒውተር የሚባለው፣ ከሲሊንደር አየር እየተነፈሰ ወደ ባሕር የሚወርድ ሰው፣ ማለትም የስኩባ ጠላቂ፣ በእጁ አንጓ ላይ የሚያስረው አነስተኛ መሣሪያ ሲሆን፣ ክብሩና ዋጋው ሲገፈፍ በውስጡ የሚቀሩት ዋና ነገሮች ሁለት ናቸው፤ አንደኛው የውሃውን ግፊት የሚለካ ዳሳሽ፣ ሁለተኛው ሰዓት። መሣሪያው ከእነዚህ ከሁለቱ ተነስቶ ጠላቂው ስንት ሜትር እንደወረደና ስንት ደቂቃ እንደቆየ ይናገራል፤ ከዚያም አልፎ በሰውየው ሥጋና ደም ውስጥ ምን ያህል ናይትሮጂን እንደተጠራቀመ፣ ሳይቸገር በቀጥታ ለመውጣት ስንት ደቂቃ እንደቀረው ያሰላል። ናይትሮጂኑን ግን ለክቶ ሳይሆን ገምቶ ነው። የባለቤቱን ውፍረት አይመዝንም፤ ትናንት ማታ በቀይ ባሕር ዳር ባሉት በኤይላት ወይም በዳሃብ ምን ሲጠጣ እንዳመሸም አይጠይቅም። ይህ ሁሉ አዲሱንም ያገለገለውንም የሚመለከት ስለሆነ፣ ያገለገለ ሊገዛ የተነሣ ጀማሪ በመጀመሪያ ሊገነዘበው የሚገባው፣ አዲሱም ቢሆን እርሱን በግል የማያውቀው መሆኑን ነው።

ግምቱ ለምን እንዳስፈለገ ለማስረዳት ወደ ግፊት ነገር መግባት ግድ ይላል። በባሕር ውስጥ በየ10 ሜትሩ ግፊቱ በአንድ ከባቢ አየር ያህል ስለሚጨምር፣ በ18 ሜትር ላይ ያለ ጠላቂ የሚተነፍሰው አየር በባሕር ጠለል ላይ ከሚተነፍሰው 2.8 እጥፍ ያህል የታመቀ ነው፤ እንግሊዛዊው ዊልያም ሄንሪ እ.ኤ.አ. በ1803 እንዳሳየው ደግሞ፣ በፈሳሽ ውስጥ የሚሟሟው የጋዝ መጠን ከግፊቱ ጋር አብሮ ይጨምራል። ስለዚህ ከአየር ውስጥ አራት አምስተኛ የሚጠጋውን ድርሻ የያዘው ናይትሮጂን፣ ሰውነት ምንም ሳይጠቀምበት፣ በደምና በሥጋ ውስጥ እየሟሟ ይቀመጣል። ጠላቂው ቀስ ብሎ ከወጣ ናይትሮጂኑ በሳንባው በኩል ይሰናበታል፤ ተቻኩሎ ከወጣ ግን፣ ክዳኑ በድንገት የተከፈተ የአምቦ ውሃ ጠርሙስ የሚያደርገውን በሰውየው ውስጥ ያደርጋል። ይህም የግፊት መቀነስ ሕመም ይባላል፤ ከመገጣጠሚያ ሕመምና ከመደንዘዝ አንስቶ እስከ ሽባነት ሊደርስ ይችላል።

ይህን ሕመም ለመከላከል የተደረገው ምርምር ታላቅ ባለውለታዎች ፍየሎች ናቸው። ጆን ስኮት ሃልዴን የተባለው ስኮትላንዳዊ ሳይንቲስት ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር፣ ለእንግሊዝ ባሕር ኃይል ጠላቂዎች የሚሆን ሥርዓት ለማውጣት፣ ፍየሎችን በብረት ክፍል ውስጥ በታመቀ አየር አቆይቶ ግፊቱን በተለያየ ፍጥነት በመቀነስ፣ የትኛዋ የፊት እግሯን አንሥታ እንደምታነክስ ይመዘግብ ነበር፤ ውጤቱንም እ.ኤ.አ. በ1908 አሳተመ። ሃልዴን ሰውነትን በሐሳብ ደረጃ በአምስት ክፍሎች መደበው፤ አንዱ ክፍል በ5 ደቂቃ፣ ዘገምተኛው በ75 ደቂቃ እስከ ግማሹ በናይትሮጂን እንደሚሞላ አድርጎም አሰላ። በኋላ በዙሪክ አልበርት ቡልማን የተባለው ሐኪም አምስቱን ክፍሎች ወደ 16 አደረሳቸው፤ ዛሬ በገበያ ላይ ካሉት ኮምፒውተሮች ብዙዎቹ የሚያሰሉት በእርሱ ቀመር ወይም የእርሱን ፈለግ በተከተለ ዘዴ ነው። ኮምፒውተሮቹ ራሳቸው በኤሌክትሮኒክስ መልክ ለጠላቂው ሕዝብ የቀረቡት እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሲሆን፣ ከዚያ በፊት ጠላቂው በፕላስቲክ ላይ የታተመ ሰንጠረዥ ይዞ ይወርድ፣ ሒሳቡንም በራሱ ይሠራ ነበር። ሰንጠረዥ ባትሪ አያልቅበትም፤ ያገለገለ ሰንጠረዥ ስለመግዛት የተጨነቀ ሰው መኖሩም አይታወቅም።

ወደ ገበያው ሲገባ፣ ሁኔታውን ልብ ብሎ ያጤነ ሰው የሚረዳው፣ ለሽያጭ ከሚቀርቡት ኮምፒውተሮች ብዙዎቹ ያላረጁ መሆናቸውን ነው፤ ያረጀው የባለቤቱ ዓላማ ነው። አንድ ሰው በዕረፍት ሳምንቱ ቀይ ባሕር ሄዶ ይሠለጥናል፣ የምስክር ወረቀቱን ይቀበላል፣ በዚያው ሙቀት ሳለም ከነሙሉ ጌጡ አንድ ኮምፒውተር ይገዛል፤ ከዚያ በኋላ ግን ሥራ፣ ትዳር፣ ልጅና የቤት ኪራይ በተራ ይመጡና፣ መሣሪያው ከአሮጌ ቻርጀሮች ጋር በመሳቢያ ውስጥ ተኝቶ፣ በስተመጨረሻ «እንደ አዲስ» ከሚል ቃል ጋር ለገበያ ይወጣል። ሻጩ ሊሆን ያልቻለውን ጠላቂ ይሸጣል፤ ገዢው ደግሞ ገና ያልሆነውን ጠላቂ ይገዛል።

የገዢው ችግር ከሻጩ ይብሳል ቢባል ሐሰት አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1966 በአሜሪካ የተመሠረተው ፓዲ የተባለው የጠላቂዎች አሠልጣኝ ድርጅት ለአዋቂ ጀማሪ የሚሰጠው የመጀመሪያ የምስክር ወረቀት የሚፈቅደው እስከ 18 ሜትር ብቻ ነው። ገና እነዚህን 18 ሜትሮች በወጉ ያልለመደው፣ ጭንብሉ ውስጥ ውሃ ሲገባ ዓይኑ የሚፈጠው ጀማሪ ግን፣ ትራይሚክስ የሚባለውን፣ ጥልቅ ለሚወርዱ ባለሙያዎች የሚዘጋጀውን የሂሊየም፣ የኦክስጅንና የናይትሮጂን ድብልቅ የሚያሰላ፣ የሲሊንደሩን ግፊት ያለ ገመድ የሚቀበል፣ ከዚያም በላይ ዲጂታል ኮምፓስ ያለው መሣሪያ ይመኛል። እንዲህ ያለው ዕቃ አዲስ ሲሆን ከ1,000 ዶላር በላይ ስለሚያወጣ፣ በግማሽ ዋጋ ሲያገኘው ገንዘብ ያተረፈ ይመስለዋል፤ ለሚያስፈልገው ደረጃ የሚበቃው ተራ ኮምፒውተር አዲሱ ራሱ ከ200 እስከ 300 ዶላር ባለው ዋጋ እንደሚገኝ ግን አያስታውስም። «ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ» የሚለው ተረት ለዚህ ገዢ የተነገረ ይመስላል፤ በእርግጥ የሃልዴን ፍየሎች ወደዚያ ግፊት የገቡት ወደው አልነበረም።

ምኞቱ በልክ ከሆነ በኋላ የሚቀረው ምርመራ ነው፤ ምርመራውም ከማያ ገጹ ጭረት ሳይሆን ከባትሪው ቢጀምር ይመረጣል። በብዙ ዘመናዊ ሞዴሎች ባለቤቱ ራሱ ከጀርባ ያለውን ክዳን ከፍቶ ሲአር 2450 ወይም ሲአር 2032 የሚባሉትን የሳንቲም ቅርጽ ያላቸው ባትሪዎች መለወጥ ይችላል፤ በአንዳንድ የቆዩ ሞዴሎች ግን ባትሪው ከአካሉ ጋር አብሮ ስለታሸገ፣ ኃይሉ ሲያልቅ መሣሪያውን ወደ ፋብሪካ ከመላክ ሌላ መንገድ የለም፤ ፋብሪካው ደግሞ ያንን ሞዴል ከረሳው ብዙ ዓመት ሊሆነው ይችላል። ክዳኑ ሲከፈት ኦ-ሪንግ የሚባለው፣ ውሃ እንዳይገባ የሚያግደው ክብ ጎማ መታየት አለበት፤ የመሣሪያው ሕይወት በሙሉ የተንጠለጠለው በዚህ ርካሽ ጎማ ላይ ስለሆነ፣ ቢደርቅ፣ ቢሰነጠቅ ወይም አንዲት ፀጉር ብታርፍበት 16ቱም የቡልማን ክፍሎች ጨው ይጠጣሉ። በባትሪው ማረፊያ ዙሪያ አረንጓዴ ዝገት ከታየ፣ ጨዋማው እንግዳ ቀድሞ ገብቷልና ሻጩን አመስግኖ መሄድ ነው። የሞዴሉና የመለያ ቁጥሩ ነገርም አይዘለልም፤ አምራቾች በስሌት ስሕተት ወይም በተበላሸ ዳሳሽ ምክንያት ኮምፒውተሮችን ከገበያ የሰበሰቡበት ጊዜ ስላለ፣ ቁጥሩን ከአምራቹ ማስታወቂያ ጋር ማስተያየት ምንም አያስከፍልም።

ከባትሪው ቀጥሎ መዝገቡ አለ። ኮምፒውተሩ እያንዳንዱን ጥልቀት፣ ቆይታና የአወጣጥ ፍጥነት ይጽፋል፤ ጽሑፉም ይሉኝታ አያውቅም። ሻጩ «ወንድሜ፣ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው ውሃ የነካው፤ እሱም ጥልቀት በሌለው ቦታ» ሲል፣ ሁለት አዝራር ተጭኖ 47 ሜትር የሚል ቁጥር ማግኘት ይቻላል። ይህ መሣሪያውን አይጎዳው ይሆናል፤ ለዚያም ተብሎ ነው የተሠራው፤ ነገር ግን ዋጋ ለማስቀነስ ከዚህ የተሻለ ምስክር አይገኝም። ከሁሉ የሚያስገርመው ግን ኮምፒውተሩ የሻጩን ናይትሮጂን ጭምር ይዞ መሸጡ ነው፤ ከመጨረሻው መጥለቅ በኋላ በስሌቱ ውስጥ የቀረው ናይትሮጂን ተሟጦ እስኪያልቅ አንድ ቀንና ከዚያ በላይ ሊፈጅ ስለሚችል፣ ጠዋት የጠለቀ ሰው ቀትር ላይ እዚያው ጀልባ ላይ ኮምፒውተሩን ቢሸጥ፣ ገዢው የሌላ ሰው ደም ያለበትን ሒሳብ ይረከባል። ይህ እንኳ ጥንቃቄን ስለሚያበዛ ቀላሉ ስሕተት ነው፤ አደገኛው ተቃራኒው ነው፤ ጠዋት በኪራይ ኮምፒውተር የጠለቀ ጀማሪ ከሰዓት በኋላ አዲስ የገዛውን አስሮ ቢወርድ፣ መሣሪያው ፈጽሞ ያልጠለቀ ሰው መስሎት ያላግባብ ብዙ ደቂቃ ይፈቅድለታል። በአንጻሩ ሻጩ ሲወጣ በመካከል ቆሞ ናይትሮጂኑን እንዲያስወጣ ኮምፒውተሩ ያዘዘውን ማቆሚያ ዘሎ ወጥቶ ከነበረ፣ ብዙ ሞዴሎች ለ24 ወይም ለ48 ሰዓት ያኮርፋሉ፤ ጥልቀትና ሰዓት ከማሳየት በቀር ምንም አያሰሉም፤ ኩርፊያውም በሽያጭ ይተላለፋል።

ጀማሪው ይህን ሁሉ አልፎ ገዝቶ ሲወርድ ደግሞ፣ የእርሱ ኮምፒውተር 17.6፣ የጓደኛው 18 ሜትር ያሳያሉ፤ ያን ጊዜም ተታለልሁ ብሎ ይደነግጣል። አንዱ መሣሪያ የጨው ውሃን፣ ሌላው ጨው የሌለበትን ውሃ ክብደት መነሻ አድርጎ ሲያሰላ ከ2 እስከ 3 በመቶ የሚደርስ ልዩነት መታየቱ የተለመደ ነው። ሁለት ሆነው የሚጠልቁ ሰዎችም ይበልጥ ጠንቃቃ የሆነውን ኮምፒውተር እንዲከተሉ ስለሚመከር፣ ያ ሁሉ ምርመራ የተደረገለት ዕቃ ብዙ ጊዜ ለጓደኛው የኪራይ ኮምፒውተር ይታዘዛል።

ለአዲስ አበባ ሰው የሚቀረው አንድ ጉዳይ የመመለሻው መንገድ ነው። ጅቡቲ ሄዶ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ የጠለቀ ሰው በኮምፒውተሩ ላይ ትንሽ የአውሮፕላን ሥዕል ያያል፤ ትርጉሙም ሥዕሉ እስኪጠፋ አትብረር ማለት ነው፤ ዳን የሚባለው የጠላቂዎች ደኅንነት ድርጅት ከአንድ ተራ መጥለቅ በኋላ ቢያንስ 12፣ በተከታታይ ከጠለቁ ደግሞ 18 ሰዓት መቆየትን ይመክራል። በባቡር የሚመለሰው ጀማሪ ሥዕሉ እርሱን የማይመለከት ይመስለዋል። ምክሩ ግን ከ610 እስከ 2,438 ሜትር ከፍታ ጋር ለሚመጣጠን የአውሮፕላን ውስጥ ግፊት የተሰጠ በመሆኑ፣ በመንገዱ ላይ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ያላት ድሬዳዋ በዚያ ክልል ውስጥ ትወድቃለች፤ ከ2,300 ሜትር በላይ የሆነችው አዲስ አበባም ወደ ላይኛው ጫፍ ትጠጋለች። ስለዚህ ባቡሩም እንደ አውሮፕላኑ መጠበቅ አለበት፤ ጅቡቲ ደግሞ ውድ ከተማ ናትና፣ ያገለገለ በመግዛት የተረፈው ገንዘብ ለአንድ ተጨማሪ ሌሊት የሆቴል ሒሳብ ይከፈላል።