የአለቃ ወኔ በስንት ይሰፈራል?

የመካከለኛውን ዘመን መስለው የተሠሩ የኮምፒውተር ጨዋታዎች ተጫዋቹን ሰይፍ ከማስመዘዛቸው በፊት የሰው አመል ያስጠኑታል። ከእነዚህ አንዱ፣ ቴልወርልድስ የተባለው የቱርክ ኩባንያ በ2010 እ.ኤ.አ. ያወጣው «ማውንት ኤንድ ብሌድ፦ ዋርባንድ» ሲሆን፣ ተጫዋቹ ካልራዲያ በምትባል የፈጠራ ምድር ጭፍራ አደራጅቶ ሲዘምት፣ ከተራው ወታደር ሌላ ስምና ታሪክ ያላቸው፣ ማኩረፍም የሚያውቁ 16 ጓዶች በየመጠጥ ቤቱ ይጠብቁታል። ጨዋታው ሁለት ነገር ይሰፍራል፤ አንደኛው ወኔ ነው፤ ይህም ጭፍራው በጠቅላላ ለመዋጋት ያለው ፈቃድ በቁጥር ተተምኖ የሚታይበት ነው። ሁለተኛው ታማኝነት ነው፤ ይህም እያንዳንዱ ጓድ በአለቃው ላይ የቋጠረው ቅሬታ ሞልቶ «እንግዲህ ልሰናበት» እስኪል ድረስ የሚታገሥበት ልክ ነው።

ወኔ በድል ከፍ ይላል፣ ጭፍራው በበዛ ቁጥር ዝቅ ይላል፣ ከሁሉ ይልቅ ግን በሆድ በኩል ይገዛል። መቶ ጆንያ እህል ብቻ የጫነ አለቃ፣ ዳቦውንም ማሩንም አይቡንም የደረቀ ሥጋውንም ጥቂት ጥቂት የያዘውን ያህል አይወደድም፤ ጨዋታው የሚቆጥረው የስንቁን ብዛት ሳይሆን ዓይነቱን ነውና። የጓዶቹ ነገር ደግሞ ከዚህም ይብሳል፤ አንዱ መንደር ሲዘረፍ ሕሊናው ይቆስላል፣ ሌላው ስንቅ ሲያልቅ ያጉረመርማል፣ ከድሃ ቤት የወጣው ቀስተኛ ቡንዱክም ወታደር በጅራፍ ከሚያሠለጥነው ከሌዛሊት ጋር ፊትና ኋላ ሆኖ መጓዝ እንኳ ያንገሸግሸዋል።

ይህን ሁሉ የፎገራ ገበሬ ያለ ኮምፒውተር ያውቀዋል። በፎገራ ሜዳ ሩዝ እጅግ ብዙ ጉልበት የሚበላው በአረም ጊዜ ስለሆነ፣ ባለ ማሳው ደቦ ይጠራል፤ ደቦ ማለት ጎረቤትና ዘመድ ያለ ደመወዝ ተሰብስቦ የአንዱን ሥራ በአንድ ቀን የሚጨርስበት፣ ጠሪው በበኩሉ የመብሉንና የመጠጡን ዕዳ የሚሸከምበት ሥርዓት ነው። ተሰላፊው ጭቃ ውስጥ ጎንበስ ብሎ፣ አውራጁ ሲያወርድ ተቀባዩ እየተቀበለ፣ እጅ ሁሉ በዜማው ልክ ይሄዳል። የወኔው መለኪያም ዘፈኑ ራሱ ነው፤ ጠላው ሲዘገይ ዜማው ይጎተታል፣ ጠላው ሲቀጥን ግጥሙ ወደ ባለ ማሳው መወጋጋት ይዞራል፣ ንፍሮ ብቻ ደጋግሞ ከቀረበ ደግሞ ከተሰላፊው መካከል ድንገት «ከብቶቼን ልመልስ» የሚለው ይበዛል። ማንም ማኩረፉን አይናገርም፤ በሚቀጥለው ዓመት ግን ጥሪው ሲደርሰው ወገቡን ያመዋል።

በጨዋታውም በደቦውም የተዘነጋ አንድ መለኪያ አለ፤ እርሱም የአለቃው የራሱ ወኔ ነው። ለዚህ ማስረጃው ከፎገራዋ ከተማ ከወረታ ሩቅ አይደለም፤ ከከተማዋ ወደ ምሥራቅ በሚወጣው መንገድ ላይ የምትገኘው ደብረ ታቦር፣ በ1834 ዓ.ም. የየጁው ዳግማዊ ራስ አሊና የሰሜኑና የትግሬው ገዥ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም የተዋጉባት ናት። ውጊያው ሲከፋ ራስ አሊ ሸሹ፤ የውቤ ሠራዊትም ድል አደረግሁ ብሎ ወደ ደስታው ገባ። በዚህ መካከል ከራስ አሊ ወገን የሆኑት ደጃዝማች ብሩ አሊጋዝ በደስታው ላይ ድንገት ደርሰው ደጃዝማች ውቤን ማረኩ፤ ራስ አሊም በሌሉበት አሸናፊ ሆኑ። በካልራዲያ ሕግ ቢሰፈር፣ የብሩ ታማኝነት ሙሉ፣ የውቤ ጭፍራ ወኔ ከመጠን ያለፈ፣ የአለቃው የራስ አሊ ወኔ ግን ከዜሮ በታች ነበር።

ራስ አሊ ከዚያ ወዲህ ታማኝነትን በጋብቻ ለመግዛት ሞክረዋል፤ ልጃቸውን ተዋበችን ለሸፈተው ለቋራው ካሣ ዳሩለት። ታማኝነቱ በርግጥ ተገኘ፤ ነገር ግን የተገኘው የተዋበች ለባሏ ነበር እንጂ የካሣ ለአማቱ አልነበረም። በ1845 ዓ.ም. በአይሻል አማችና አማት ሲገጥሙ ራስ አሊ እንደገና ሸሹ፤ ያን ጊዜ ግን ከኋላ የሚደርስላቸው ብሩ አሊጋዝ አልነበረም፣ የየጁዎች ዘመንም በዚያው አበቃ፣ ካሣም ከሁለት ዓመት በኋላ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ።

ስለዚህ ጨዋታ ሠሪዎች ለሚቀጥለው ሥራቸው አንድ ምክር ቢቀበሉ መልካም ነው፦ ጓዶቹ የአለቃቸውን ወኔ የሚመዝኑበት አንድ ቁጥር ይጨመር። ደቦ የሚጠራውም ባለ ማሳ ጠላውን ከማስጠመቁ በፊት፣ ከተሰላፊው ጋር ጎንበስ ብሎ ለማረም የራሱ ወገብ መቻሉን ይጠይቅ።