በሬ አልተጣለም

ይድረስ ለማከብርዎ አጎቴ፤

 

ስጠብስ የተነሳኋት ያቺ ጭስ የከበባት ፎቶ ደብረ ብርሃን ደርሳ «ልጁ አሜሪካ በሬ ጥሎ ሰፈሩን አበላ» ተባለ አሉ። ጋሼ፣ በሬ አልተጣለም። እዚህ ሜሪላንድ ጎድን በዓይን ብቻ የሚበላ ነው። ፍርንባ እንኳ ቴክሳሶች ቀኑን ሙሉ በጭስ እያበሰሉ ስሙን ካስጠሩት ወዲህ ዋጋው አይቀመስም።

የጠበስኩት ዶሮ ነው። አሜሪካኖቹ ደረቱን ሲሻሙ፣ እግርና ታፋው በ10 ፓውንድ ከረጢት፣ ማለትም በ4 ኪሎ ተኩል ግድም፣ በርካሽ ይሸጣል። ማታውን በሎሚ፣ በነጭ ሽንኩርትና በአዋዜ ዘፍዝፌው አደረ። ምድጃውም የኔ አይደለም፤ በየመናፈሻው የብረት መጥበሻ ተተክሏል፣ ቀድሞ የደረሰ ይይዘዋል። በነጻነት በዓላቸው በጁላይ 4 ደግሞ ማልዶ ያልወጣ አያገኝም። ሐበሻ እንግዳ እስኪመጣ ድረስ መጥበሻውን እንደ ዘበኛ ቆሜ ጠበቅሁ።

ከሰሉን ወደ አንድ ጎን ሰብስቤ፣ ዶሮውን በሌላው ጎን አድርጌ የአሉሚኒየም ትሪ ደፋሁበት። ነበልባል ላይ የዋለ ዶሮ ውጪው ያራል፣ ውስጡ ጥሬ ይቀራል። ውስጡ 74 ዲግሪ ሳይደርስ አይበላም ይላሉ፤ አንዱ የሥራ ባልደረባዬ ቴርሞሜትር ይዞ መጥቶ እያንዳንዱን ታፋ እንደ ሐኪም መረመረልኝ።

ትልቁን ወጪ የቀነሰልኝ ግን ጾሙ ነው። ጁላይ 4 በእኛ ሰኔ 27 ነው፤ ጾመ ሐዋርያት እስከ ሐምሌ 5 አይፈታም። «የቄስ ጾም ነው» እያልኩ ስዘለው የኖርኩት እኔ፣ ዘንድሮ ለሐበሻ እንግዶቼ ሁሉ እየደወልኩ «ጾሙን እንዳትረሱ» አልኩ። እናቴ ብትሰማ መነኮሰ ትል ነበር። ለጾመኞቹ በቆሎ እሸትና ስኳር ድንች ከሰሉ ላይ ጠበስኩላቸው፤ አንዱም አላማረረም። ጾም የሚያከብር እንግዳ ይብዛልኝ!

ፈረንጆቹ የድንች ሰላጣ ይዘው መጡ፤ የእኛዎቹ የአክስት ልጆቻቸውን ይዘው መጡ። ይህም ሆኖ ዶሮው በቃ።

ስለዚህ ጋሼ፣ ፎቶዋን አይቶ የቤት መሥሪያ ብድር ለጠየቀኝ ዘመድ የዶሮውን ነገር ያስረዱልኝ። አዋዜው አልቋልና በሚመጣ ሰው በርበሬ ይላኩልኝ፤ ሚጥሚጣም ቢጨመር አልጠላም።

አክባሪዎ የእህትዎ ልጅ፣
ከሲልቨር ስፕሪንግ