የሴቶች መድኃኒት በቴሌግራም ለመሸጥ ለሚያስቡ፦ ጠቃሚ ምክሮች

ሥራ ከጠፋ፣ የባዮሎጂ ትምህርትም ከስምንተኛ ክፍል ወዲህ ዞር ብሎ ካላየዎት አይጨነቁ። ለሴቶች መድኃኒት መሸጥ አያቅትዎትም።

በሽታ አይምረጡ። አንዱ ጠርሙስ ሁሉንም ያድን፦ የወር አበባ ሕመም፣ ሆርሞን መዛባት፣ ማዮማ፣ መካንነት፣ ወገብ ቁርጥማት፣ የባል ፊት መንሳት። የሙያው እናት ሊዲያ ፒንክሃም እ.ኤ.አ. በ1875 አሜሪካ፣ ሊን ከተማ ገበያ ያወጣችውን ውህድ ለሴት ሕመም ሁሉ ሸጣዋለች። ከቅመሞቹ አንዱ የኛው አብሽ ነበር። ጓዳዎ ውስጥ አብሽ ካለ ፋብሪካው ተቋቁሟል።

«ተፈጥሯዊ ነው፤ የጎንዮሽ ጉዳት የለውም» ይበሉ። እንዶድም ተፈጥሯዊ መሆኑን አያንሱ።

ውስጡ ምን እንዳለ አይጻፉ። የፒንክሃም ጠርሙስ ከመቶ 18 እጅ ያህሉ አልኮል ነበር፤ ከወይን ጠጅ ይበረታል። መጠጥ ይከልከል ብለው የሚታገሉ ወይዛዝርት ሳይቀሩ በማንኪያ እየለኩ ወሰዱት፤ ቀለለንም አሉ። እንዴት አይቀላቸው! በ1906 የወጣ ሕግ አልኮሉን መለያው ላይ አስጻፈ። የእርስዎ መለያ በቻይንኛ ስለሆነ ስጋት አይግባዎት።

ዋጋ በኢንቦክስ።

ግሩፑን «ለሴቶች ብቻ» ይበሉት። አድሚኑ ጢም ያለው ይሁን የሌለው ማን ያያል? ፒንክሃም በ1883 ብትሞትም ማስታወቂያው «ለወይዘሮ ፒንክሃም ጻፉላት» ማለቱን አላቆመም ነበር። በ1905 ሌዲስ ሆም ጆርናል የተባለው መጽሔት የመቃብር ድንጋይዋን ፎቶ አወጣ። ሽያጩ ግን ቀጠለ። የሞተች ሴት ካማከረች ጢም ምን ያግዳል?

ምስክር አይጥፋ። «ሲስ፣ ሁለት ጠርሙስ ጨርሼ መንታ አረገዝኩ» የሚል ስክሪንሾት፣ ስሙ የተደበዘዘ። መልእክቱን የጻፉት እርስዎ ከሆኑ ፊደሉን ትንሽ ያበላሹት።

በሐኪም ያስፈራሩ። «ሆስፒታል ከሄድሽ ማህፀንሽን ያወጡታል» ይበሏት። ካረጠች ወዲያ ደም እያየች እንኳ ቢሆን ሦስት ወር ሽሮፕዎን ትጠጣ። ያ ደም እኮ የካንሰር ምልክት ሊሆን ይችላል! ያንን ሦስት ወር ከሰው ዕድሜ ላይ ነው የሚቆርጡት። እናት የለዎትም? እህት የለዎትም?

ይቅርታ፣ ወደ ምክራችን እንመለስ። ካልተሻላት ሁለተኛውን ዙር ይሽጡላት። አሁንም ካልተሻላት «አጠቃቀሙን አላወቅሽበትም» ብለው ብሎክ ያድርጓት።

አዋጅ ቁጥር 1112/2011 መድኃኒት ሳይመዘገብ አይሸጥም ይላል። ስለዚህ «ሰፕሊመንት» ይበሉት።

በመጨረሻም ሲም ካርድዎን ቶሎ ቶሎ ይቀይሩ። ወይዘሮ ፒንክሃም ቢያንስ ስሟንና መልኳን ጠርሙሷ ላይ ለጥፋ ነበር የምትሸጠው፤ እርስዎ ግን ያን ያህል እንኳ አይድፈሩ።

አንቺ ደግሞ እህቴ፣ ለሽሮፑ ልትልኪ ያሰብሽውን ብር ይዘሽ ጤና ጣቢያ ሂጂ። የማህፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ በብዙ የመንግሥት ጤና ተቋማት ይሰጣል። ዋጋውንም በኢንቦክስ አይደለም የሚነግሩሽ።